ሦስተኛው ፊርማ

ኅዳር 6 ቀን ከቁስቋም ማርያም ንግሥ ስንመለስ ጎረቤቴ ጋሼ ቡና ጠሩኝ። ጋሼ ሰማንያን አልፈዋል። ወጣትነታቸውን የጨረሱት ምጽዋ ላይ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ውስጥ ነው። የእንጦጦ ብርድ ሲጠና ጋቢያቸውን ደርበው ከከሰሉ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ፎቶ ተሰቅሏል። ካልተጠየቁ ስለ እሷ አያነሱም፤ ከተጠየቁ ግን ቡናው በረካ እስኪደርስ አያቆሙም።

ዓይናቸው ስለደከመ እኔ የማነበውን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ። የዚያን ዕለት ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው የአድዋው ውል ፎቶ ኮፒ ነበር፤ አፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. የተዋዋሉት፣ በመጻሕፍት የሂዌት ስምምነት የሚባለው። ስለ ራስ አሉላ አንድ ጽሑፍ ጀምሬ ስለነበር ወረቀቱን አሥር ጊዜ ሳላነበው አልቀርም። እንግሊዝኛውን እየመለስኩ ጀመርኩላቸው። በአንድ ወገን ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ፤ በእንግሊዝ ንግሥት ስም አድሚራል ሂዌት። ጋሼ እጃቸውን አነሱ።

«አድሚራል ካለ መርከብ አለ። መርከቡ ማን ይባላል?»

«ዩርያለስ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና እንድቀጥል በእጃቸው አመለከቱኝ። በግብፁ ከዲቭ ስም ደግሞ የምጽዋ ገዥ ሜሰን ቤይ፣ ብዬ ወደ አንደኛው አንቀጽ ልሻገር ስል እንደገና አስቆሙኝ።

«ማነው እሱ?»

«የግብፅ ሹም ነው ጋሼ።»

«ስሙ የግብፅ አይደለም እኮ ልጄ። የምጽዋ ገዥ ነው አልክ። ምጽዋን የያዘ ሰው ማን እንደሆነ ሳታውቅ ውሉን እንዴት ታነበዋለህ?»

መልስ አልነበረኝም። አሥር ጊዜ ያነበብኩት ወረቀት ላይ ዓይኔ ሁልጊዜ ያንን ስም እየዘለለ ያልፍ ነበር። ንጉሡን አውቃለሁ፤ አድሚራሉን አውቃለሁ። ሦስተኛውን እንደ ማኅተም ጌጥ ቆጥሬው ኖሬአለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከቁስቋም ወደ ታች ወረድኩ። የእንጦጦን ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ያዘሉ ሴቶች ከጎኔ ይወርዳሉ። ሽሮ ሜዳ ላይ የጥበብ ሱቆቹ ገና እየተከፈቱ ነው። ከሽሮ ሜዳ በታች የአሜሪካ ኤምባሲን አጥር ይዞ የሚወርደውን መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሼበታለሁ፤ የዚያን ዕለት ጠዋትም ምንም ሳላስብ አለፍኩት። የምሄደው ስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው።

ፍለጋዬን የጀመርኩት በተሳሳተ ግምት ነበር። ቤይ የቱርክ ማዕረግ ስለሆነ ሰውዬውን ስሙ የተጣመመበት ቱርክ ወይም አርመን አደረግሁት። ግምቱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም፤ በጉንደት ጦርነት ከግብፅ ወገን ከሞቱት አንዱ አራኪል ቤይ የተባለ አርመናዊ ነበርና። ያ መንገድ የትም አላደረሰኝም። ቀጥዬ እንግሊዛዊ ነው አልኩ። እንግሊዝ ግብፅን በ1882 እ.ኤ.አ. ስለያዘች በከዲቩ ስም የሚፈርም እንግሊዛዊ ቢኖር አያስገርምም። የእንግሊዝ ሹማምንትን ስም አገላብጬ ይህንንም ተውኩት።

ፍንጩን ያገኘሁት ባልጠበቅሁበት ቦታ ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ ሳይሆን ስለ አንድ ሐይቅ በሚያወራ ጽሑፍ። የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1878 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሔት ላይ ኮሎኔል ሜሰን የተባለ መኮንን የአልበርት ሐይቅን ዙሪያ በእንፋሎት መርከብ ዞሮ ያቀረበው ዘገባ አለ። ሐይቁ ዛሬ በኡጋንዳና በኮንጎ መካከል ነው። ሳሙኤል ቤከር በ1864 ሲያየው ወደ ደቡብ መጨረሻ የሌለው መስሎት በካርታ ላይ እጅግ አስረዝሞት ነበር። ጣሊያናዊው ሮሞሎ ጄሲ በ1876 በሁለት ጀልባ ዞረው፤ ቤከር ካሰበው በጣም ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ሜሰን በዓመቱ፣ በሰኔ 1877፣ «ኒያንዛ» በተባለች ትንሽ የእንፋሎት መርከብ ሄደ። ጄሲ ያላስተዋለውንም ነገር ዘገበ፦ ከደቡብ በኩል ወደ ሐይቁ የሚገባ ወንዝ አለ። ወንዙ ዛሬ ሰምሊኪ ይባላል። ስታንሊ ሽቅብ ተከትሎት ወደ ኤድዋርድ ሐይቅ የደረሰው ከዚያ በኋላ በ1889 ነው።

ዘገባውን ሳነብ የገረመኝ የጸሐፊው ዓይን ነበር። ስለ ራሱ ድካም ብዙ አያወራም። ልቡ ያለው ጥልቀቱ፣ ዳርቻው፣ መርከቧ የት እንደምትቆም ላይ ነው። ይህ የእግረኛ ጦር ኮሎኔል አጻጻፍ አልመሰለኝም።

ማንነቱ የተገለጠልኝ በሌላ መጽሐፍ ነው፤ ሁለት የአሜሪካ ታሪክ ጸሐፊዎች በ1961 እ.ኤ.አ. ለከዲቩ ስላገለገሉ አሜሪካውያን መኮንኖች ያሳተሙት። አሌክሳንደር ማኮምብ ሜሰን። በ1841 ዋሽንግተን ከተማ ተወለደ። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ሠለጠነ። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሣ፣ ገና በሃያ ዓመቱ፣ ሥራውን ለቅቆ ባርነትን ይዘው ለመቀጠል ወደተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ባሕር ኃይል ገባ። ወገኖቹ ተሸነፉ። ጦርነቱ በ1865 ሲያልቅ የሃያ አራት ዓመት ባሕረኛ ነበር፤ የቆመለት ባንዲራ ግን ከዚያ ወዲያ በየትኛውም መርከብ ላይ የማይሰቀል ሆነ።

ወረቀቱን ዘግቼ ለተወሰነ ጊዜ ተቀመጥኩ። ያን ዕለት ጠዋት ያለፍኩት የኤምባሲ አጥር ትዝ አለኝ። የኢትዮጵያና የአሜሪካ ግንኙነት ሲጻፍ የሚጀመረው የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ከተዋዋለው ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው። ከዚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተኩል በፊት ግን አንድ የዋሽንግተን ተወላጅ አድዋ ላይ ከኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ፊት ቀርቦ በውል ላይ ስሙን አኑሯል። ልዩነቱ፣ የፈረመው ለአገሩ አልነበረም።

አሜሪካዊ ባሕረኛ ለግብፅ ገዥ እንዴት አደረ? ከዲቭ እስማኤል የስዊዝ ቦይ በ1869 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ ከምንጩ እስከ መውጫው ዓባይን ይዞ የቀይ ባሕርንም ዳርቻ ጠቅልሎ ለመግዛት ተነሣ። ጦሩን የሚያሠለጥኑለት የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሰዎች የየመንግሥታቸውን ጥቅም ይዘው ስለሚመጡ አሜሪካውያንን መረጠ። አሜሪካ ያኔ በአፍሪካ መሬት የምትፈልግ አገር አልነበረችም፤ ከጦርነቱ በኋላ ሥራ የፈቱ መኮንኖች ደግሞ ሞልተዋታል። ሃምሳ ያህል ሰዎች ሄዱ። በሰሜንና በደቡብ ተሰልፈው ሲታኮሱ የነበሩት ካይሮ ላይ አንድ ዓይነት ቀይ ፌዝ አጠለቁ። የኢታማዦር ሹሙ ቻርልስ ስቶን የሰሜን ጄኔራል ነበር፤ በኋላ አገሩ ተመልሶ የነፃነት ሐውልት የቆመበትን መሠረት ያሠራው መሐንዲስ እሱ ነው። አንድ እጁን በሜክሲኮ ጦርነት ያጣው ዊልያም ሎሪንግ የደቡብ ጄኔራል ነበር።

እነዚህ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ የመጡበት ታሪክ የታወቀ ነው። በጉንደት በዴንማርካዊው አረንድሩፕ የተመራው የግብፅ ጦር ኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም. አለቀ። ቀኑን በማስታወሻዬ ስጽፍ እጄ ቆመ፤ የቁስቋም ማግስት ነውና። ቁስቋም እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደቷ ያረፈችበት የግብፅ ምድር ስም ነው። እቴጌ ምንትዋብ ጎንደር ላይ፣ የኛዎቹ ደግሞ እንጦጦ ሥር የተከሉት እሱኑ ነው። የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ካህናት በዚያ ዋዜማ የግብፅን ቅዱስ ስፍራ ስም ጠርተው ሳያመሰግኑ አልቀሩም፤ በነጋታው ሠራዊቱ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። ሁለቱ አገሮች እንዲህ ናቸው፤ ጳጳሳችንም ጠላታችንም ከአንድ ወንዝ ዳር ይመጡ ነበር።

ከአራት ወር በኋላ በጉራዕ ሎሪንግ ከግብፁ ራቲብ ፓሻ በታች ሁለተኛ አዛዥ ሆኖ መጣ። ሳሙኤል ሎኬት የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ምሽግ ሠራ፤ ኮሎኔል ዳይ ቆሰለ። ግብፆች ዳግመኛ ተሸነፉ። ሜሰንም እዚያ ሳይኖር አይቀርም ብዬ የጉራዕን መኮንኖች ስም አንድ በአንድ ፈለግሁ። የለም። በእነዚያ ዓመታት የነበረው በሌላ አቅጣጫ ነው፤ ከኮሎኔል ፐርዲ ጋር የዳርፉርን በረሃ እየለካ፣ ካርታ እያነሣ። ስሙን ከጉራዕ ዝርዝር ውስጥ በማጣቴ ደስ አለኝ። አፄ ዮሐንስ አድዋ ላይ የተቀበሉት አሜሪካዊ በልጆቻቸው ላይ ያልተኮሰ ሰው ነበር።

ያገኘሁትን ይዤ ወደ ጋሼ ተመለስኩ። አሜሪካዊ ነው፣ ባሕረኛ ነው፣ ስላቸው ፊታቸው በራ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበርና ጠየቅኋቸው፦ ባሕረኛ በረሃ ለመለካት ለምን ይላካል?

«ሌላ ማን ይላክ?» አሉ፤ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሁለት እጃቸውን ከዓይናቸው ፊት አነሱ። በማይታይ መሣሪያ ፀሐይን ማየት ጀመሩ። «ሴክስታንት ይባላል። ፀሐይዋን በመስታወቱ ታወርዳትና ከባሕሩ መስመር ጋር ታስማማታለህ። ማዕዘኑን ታነባለህ። ሰዓትህ ትክክል ከሆነ በምድር ላይ የቆምክባትን ነጥብ ታውቃለህ። ባሕር ላይ ዛፍ የለ፣ ተራራ የለ። በረሃም እንደዚያው ነው።»

«በረሃ ላይ የባሕሩ መስመር ከየት ይመጣል?»

ለዚህም መልስ ነበራቸው፤ በወጣትነታቸው በመርከቧ ድልድይ ላይ ከመኮንኖቹ አጠገብ ቆመው ያዩትና የሰሙት ነው። በሳሕን ላይ ሜርኩሪ ይፈስሳል፤ ሜርኩሪው ዝም ብሎ ሲረጋ መስታወት ይሆናል። በሰማይ ያለችውን ፀሐይ በሳሕኑ ውስጥ ካለችው ጋር ታስማማለህ፤ የሚወጣው ማዕዘን እጥፍ ስለሚሆን ለሁለት ትከፍለዋለህ። ጋሼ ይህን ሲያስረዱኝ የሲኒውን ማስቀመጫ እንደ ሜርኩሪው ሳሕን አድርገው መሐላችን አኖሩት። ለካ ከዲቩ ባሕረኛውን የፈለገው ለመርከብ ብቻ አልነበረም። መንገድ የሌለበትን አገር ካርታ ላይ ማስፈር የሚችለው ኮከብ ማንበብ የተማረ ሰው ነው።

ስለ ሦስቱ ባንዲራዎችም ነገርኳቸው፤ መጀመሪያ የአሜሪካ፣ ቀጥሎ የተገንጣዮቹ፣ በመጨረሻ የከዲቩ። እኔ ሰውዬውን ቅጥረኛ ለማለት ተቃርቤ ነበር። ጋሼ ግን ወደ ፎቶው ዞሩ።

«እሷስ?»

መርከቧ ለሳቸው ሰው ናት። የተሠራችው በአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሐይቅ ዳር ባለ የመርከብ ማነጫ ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. ሥራ ስትጀምር ስሟ «ኦርካ» ነበር። የባሕር አውሮፕላኖችን የምታገለግል መርከብ ሆና በፊሊፒንስ ውሃ ከጃፓኖች ጋር በተደረገው ውጊያ ውስጥ አልፋለች። ጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጠችና «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ የባሕር ኃይላችን ማሠልጠኛ ዋና መርከብ ሆነች። ጋሼ በእሷ ላይ ነው ባሕረኛ የሆኑት። በ1983 ዓ.ም. ከምጽዋ ቀጥሎ አሰብም ከእጅ ሲወጣ ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመን ገባች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

«ሁለት ባንዲራ ይዛለች። ሁለቱንም በክብር ነው የያዘችው» አሉ። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና «የምጽዋው ሰውዬ እኛ ፊት ሲቀርብ ምን ይዞ መጣ? ምንስ ሰጠን? እሱን ንገረኝ» አሉኝ።

ዋናው ጥያቄ ይኸው ነበር። እኔ ሰውዬውን ሳሳድድ ሰነበትኩ፤ ጋሼ ግን ከመጀመሪያው የጠየቁት ስለ ወደቡ ነበር።

ስለዚህ ወረቀቱን አዲስ ሰው ሆኜ አነበብኩት። ከጉራዕ ወዲህ ጦርነቱ ቢቆምም ሰላም አልወረደም። ግብፆች ከ1872 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ስዊሱ ሙንዚንገር ከያዘላቸው ጊዜ አንሥቶ፣ ቦጎስን አልለቀቁም፤ ምጽዋም በእጃቸው ነው። በ1879 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ጎርደን ከከዲቩ ተልኮ ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ነበር። አፄ ዮሐንስ ያኔ የጠየቁት ግልጽ ነው፦ የተወሰደው መሬት ይመለስ፤ የባሕር በር ይሰጠን፤ ጳጳስ ይላክልን፤ የጦርነቱም ካሣ ይከፈል። ጎርደን ባዶ እጁን ተመለሰ።

አምስት ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። ሱዳን ውስጥ መሐዲው በግብፅ አገዛዝ ላይ ተነሣ። በኅዳር 1883 እ.ኤ.አ. በእንግሊዛዊው ሂክስ የተመራውን የግብፅ ጦር ደመሰሰው። ከሰላ፣ አሚዴብ፣ ሰንሒትና ገላባት ላይ የነበሩት የግብፅ ወታደሮች ከነቤተሰቦቻቸው ተከበቡ። የሚያወጣቸው መንገድ በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ትናንት የናቁትን ንጉሥ ዛሬ ሊለምኑ መጡ። ሂዌት ከባሕር ላይ ተነሥቶ በበቅሎ ሽቅብ ወጣ፤ ይህ ሰው በሰባስቶፖል ጦርነት ወጣት መኮንን ሳለ መድፍህን አበላሽተህ ሽሽ ሲባል እምቢ ብሎ መድፉን ወደ ጠላት ያዞረና በዚያ ከፍተኛውን ሜዳሊያ ያገኘ ነው። አስተርጓሚው በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ባሻ ፈለቀ ይባል የነበረው፣ ልዑል ዓለማየሁን በሞግዚትነት የያዘው ካፒቴን ስፒዲ ነበር። ሜሰንም የሚገዛውን ወደብ ከኋላው ትቶ ከእነሱ ጋር ወጣ። አድዋ ደርሰው ንጉሠ ነገሥቱ እስኪመጡ ጠበቁ።

ይህን ስጽፍ በዓይነ ሕሊናዬ የሚታየኝ የሁለቱ ባሕረኞች አቀማመጥ ነው። ከባሕር በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ተራራማ አገር፣ አንዱ የእንግሊዝ አድሚራል፣ ሌላው የተሸነፈ ባሕር ኃይል መኮንን፣ ባሕርን አይተው ከማያውቁ መኳንንት መሐል ተቀምጠው ስለ ባሕር በር ይነጋገራሉ። አፄ ዮሐንስ ስለ መርከብ የሚያውቁት ጥቂት ይሆናል፤ የሚፈልጉትን ግን ከሁለቱም በላይ ያውቁ ነበር።

ውሉ ሰባት አንቀጽ ብቻ ነው። ሁለተኛው ቦጎስ ለንጉሠ ነገሥቱ እንዲመለስ፣ ግብፆች የሚለቋቸው ምሽጎችም በውስጣቸው ካለው መሣሪያ ጋር የእሳቸው እንዲሆኑ ያዛል። በሦስተኛው አፄ ዮሐንስ የተከበቡትን ወታደሮች በአገራቸው አሳልፈው ምጽዋ ለማድረስ ግዴታ ይገባሉ። አራተኛው የጳጳስ ነገር ነው፤ ከዲቩ ለኢትዮጵያ ጳጳስ ለማምጣት መንገዱን ያቃናል። በስድስተኛው ከግብፅ ጋር ክርክር ቢነሣ ዳኛው የእንግሊዝ መንግሥት ይሆናል።

የአንደኛውን አንቀጽ ትርጉም ለጋሼ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩላቸው። ከፊርማው ቀን ጀምሮ ማናቸውም ዕቃ፣ ጠመንጃና ጥይት ሳይቀር፣ በምጽዋ በኩል በእንግሊዝ ጥበቃ በነፃ ይገባል፣ ይወጣል ይላል።

«ወደቡ ይመለስ አይልም?» አሉ።

«አይልም።»

«ማለፍ ትችላላችሁ ነው የሚለው።»

«አዎ ጋሼ።»

የእንግሊዝኛው ቃል ስስ ነው። በነፃ ማለፍ የበሩ ባለቤት መሆን አይደለም፤ በሩን የያዘው ሰው እስካለና ቃሉን እስከጠበቀ ድረስ ብቻ የሚሠራ ነገር ነው። በዚያ ጉባኤ ላይ ይህን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ሜሰን ነበር፤ የወደቡ ገዥ እሱ ነውና። አልወቅሰውም። ምጽዋን ለመስጠት ሥልጣን አልነበረውም፤ የከዲቩ ሥልጣን ራሱ በእንግሊዝ እጅ ነበር። ነገር ግን የአንድ ወደብ ገዥ የፈረመው ውል ላይ የዚያ ወደብ ዕጣ በአንዲት ቃል መንጠልጠሉን ካየሁ ወዲህ፣ ያንን ፊርማ ዘልዬ ማለፍ አልችልም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። አፄ ዮሐንስ ቃላቸውን ጠበቁ። ራስ አሉላ ቦጎስን ተረከበ፤ የአሚዴብ፣ የሰንሒትና የገላባት ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እየተጠበቁ ወጡ። ለከሰላ ግን አልተደረሰም፤ ከተማዋ ቀድማ ወደቀች። ቢሆንም አሉላ ዘምቶ መስከረም 1878 ዓ.ም. ኩፊት ላይ ከመሐዲስቶች ጋር ተዋግቶ ድል አደረገ፤ ብዙ ሰውም ጨረሰ። ያ ጦርነት የኢትዮጵያ አልነበረም፤ የውሉ ዕዳ ነበር። የመሐዲስቶቹ ቂም ግን የኢትዮጵያ ሆኖ ቀረ፤ አፄ ዮሐንስም መጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የወደቁት ከእነሱ ጋር ሲዋጉ ነው።

ምጽዋስ? ጥር 29 ቀን 1877 ዓ.ም. የጣሊያኑ አድሚራል ካይሚ መርከቦች ምጽዋ ገቡ፤ ወታደር አወረዱ። እንግሊዝ ታውቅ ነበር፤ ፈረንሳይ ከምትይዘው ጣሊያን ትያዘው ብላ መንገዱን ለቃለች። ከሂዌት ጋር አድዋ የወጣው እንግሊዛዊው ነጋዴ ኦገስተስ ዋይልድ በኋላ ባሳተማቸው መጻሕፍት አገሩ በዮሐንስ ላይ የፈጸመችውን ክህደት አምርሮ ጽፏል። እኔ ከዚህ በላይ የምጨምረው ቃል የለኝም፤ እዚያው የነበረ ሰው ተናግሮታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ አሉላ የጣሊያንን ጦር ሲደመስስ፣ ከባሕር የወረደው ጦር ወደ ደጋው መውጣት ጀምሮ ነበር።

ሜሰን ከዚህ ታሪክ በዝምታ ይወጣል። አብዛኞቹ አሜሪካውያን የከዲቩ ካዝና በዕዳ ሲራቆት በ1878 እ.ኤ.አ. ተሰናብተው ነበር፤ ሎሪንግ አገሩ ገብቶ ስለ ግብፅ መጽሐፍ አሳተመ፤ ያሳተመውም የአድዋው ውል በተፈረመበት በ1884 እ.ኤ.አ. ነው። ሜሰን ግን ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ነበር። የሞተው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው፤ የአድዋ ድል ከተሰማ በዓመቱ። አድዋን ያውቃት ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ስሙን ያኖረባት ከተማ ጋዜጣ ላይ ስትወጣ ምን ብሎ ይሆን እያልኩ ብዙ ማታ አስቤአለሁ።

ለጋሼ የመጨረሻውን ያነበብኩላቸው የታኅሣሥ ብርድ በጠናበት ማታ ነበር። ሁሉንም ሰምተው የጣታቸውን አንጓ መቁጠር ጀመሩ። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ጥር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ስምንት ወር» አሉ። «በሩ ክፍት የነበረው ስምንት ወር ነው።»

ፎቶ ኮፒውን ተቀበሉኝና ዓይናቸው አጠገብ አደረጉት። ፊደሉ አይታያቸውም። «ሦስተኛው የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። ጣታቸውን ይዤ ስሙ ላይ አኖርኩት። እርሳስ አምጣ አሉኝ፤ አመጣሁ።

«ከጎኑ ባሕረኛ ብለህ ጻፍ። በአማርኛ።»

ጻፍኩት። ወረቀቱን በአራት አጥፈው ተነሡና፣ በመርከቧ ፎቶ ክፈፍና በመስታወቱ መሐል ሰኩት።